«ሰርቲፋይድ ነው፤ መካኒክ ምን ያደርግልሃል?»

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖር ወጣት ያገለገለ የስፖርት መኪና ሊገዛ ሲነሳ ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር ይህ ነው፦ ዲለር ሂድ፣ ሰርቲፋይድ የሆነውን ምረጥ፣ ከዚያ በኋላ ሐሳብ አይግባህ። ይህን ሰምቶ ማስታንግ የገዛ የጎረቤቴ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ካምቢዮው ሄደበት። ወረቀቱ ሲገለጥ የፎርድ ዋራንቲ አልነበረም፤ ዲለሩ ከሌላ ኩባንያ ያመጣው የጥገና ውል ነበር። ኩባንያው «ጉዳቱ ከአነዳድ የመጣ ነው» ብሎ አልከፍልም አለ። ልጁ ለቆመው መኪና የወር ክፍያውን እስካሁን ይከፍላል።

እምነቱ መሠረት የለውም አልልም። በአምራቹ ስም የሚሰጥ ሰርተፍኬት ዋጋ አለው። ፎርድ «ጎልድ ሰርቲፋይድ» የሚለው መኪና 172 ነጥብ ይፈተሻል፤ ሞተሩና ካምቢዮው የ7 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋራንቲ አላቸው። ፖርሽ ደግሞ 111 ነጥብ ፈትሾ ማይል የማይገደብበት የ2 ዓመት ዋራንቲ ይሰጣል። ነገር ግን የፎርዱ 7 ዓመት መቆጠር የሚጀምረው እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም፤ መኪናው አዲስ ሆኖ ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠበት ቀን ነው። አምስት ዓመት የተነዳ ማስታንግ ዛሬ ቢገዙ የሚቀርዎት ሁለት ዓመት ነው። ማይሉም የሚቆጠረው መኪናው አዲስ ከነበረበት ከዜሮ ነው።

ከአምራቹ ፕሮግራም ውጭ ግን «ሰርቲፋይድ» የሚለውን ቃል ማን እንደሚጠቀምበት የሚወስን የፌዴራል ሕግ የለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሻሲው የተጎዳን ወይም ያለ ዋራንቲ የሚሸጥን መኪና በዚህ ስም ማስተዋወቅ ከልክላለች። ሌላ ቦታ ግን ዲለሩ የራሱን ስቲከር አሳትሞ ቢለጥፍ የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሰርቲፋይድ ነው ወይ?» ሳይሆን «ሰርተፍኬቱን የሰጠው ማነው?» ነው። የፎርድ ዲለር ባልሆነ ግቢ የቆመ ማስታንግ ምንም ቢለጠፍበት የፎርድ ሰርተፍኬት የለውም።

የስፖርት መኪና ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ፍተሻው መኪናው በዚያ ቀን ያለበትን ሁኔታ ያሳያል እንጂ እንዴት እንደተነዳ ሁሉንም አይናገርም። ክላች፣ ፍሬን ሸራና ጎማ ቶሎ የሚያልቁት በእነዚህ መኪኖች ነው፤ ዋራንቲው አብዛኛውን ጊዜ የማይሸፍነውም እነዚህኑ ነው። በውድድር ሜዳ የደረሰ ጉዳትም ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ማንዋል ማርሽ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከአምስተኛ ወደ አራተኛ እቀንሳለሁ ብሎ ሁለተኛ ውስጥ ከትቶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክሩታል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ቢቆርጥም አያስቆመውም፤ ቫልቭ ሊታጠፍ ይችላል። የፖርሽ ኮምፒውተር ይህን በስድስት ደረጃ ከፍሎ፣ ሞተሩ ስንት ሰዓት በሠራ ጊዜ እንደደረሰ ጭምር መዝግቦ ያስቀምጣል። ዲለሩ መዝገቡን እንዲያትምልዎት ይጠይቁ። በማንኛውም መኪና ላይ ደግሞ ጣትዎን ፍሬን ዲስኩ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉልህ ከንፈር ካወጣ ዲስኩ ተበልቷል። ከዚያ መኪናውን ዲለሩ ወደማያውቀው መካኒክ ይውሰዱት። ዲለሩ እምቢ ካለ ሌላ ዲለር አለ።

እኔን የሚያናድደኝ ሻጩ አይደለም፤ የተቀጠረው እንዲሸጥ ነው። የሚያናድዱኝ በቲክቶክ «ሰርቲፋይድ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ፈርም» እያሉ ልጆችን ወደ ዲለር የሚልኩት ናቸው። አንዳንዶቹ ሰው ባመጡ ቁጥር ኮሚሽን ይታሰብላቸዋል። ያገራችን ልጅ በአማርኛ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቢበላሽ እኔ አለሁ» ያለው ነገር በእንግሊዝኛው ውል ላይ ካልተጻፈ የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዲለሮች በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፉ የሚያስገድደው «ባየርስ ጋይድ» የተባለ ወረቀት ራሱ ቃል የተገባውን ሁሉ በጽሑፍ ይቀበሉ ይላል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱ በስፓኒሽ መሆን አለበት፤ ለአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እንግሊዝኛ ደህና የሚያነብ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ለሰርተፍኬቱ የሚጨመረው ገንዘብ ይገባዋል ወይ ቢሉኝ፣ ለፖርሽ አዎ እላለሁ። ለማስታንግ እንደቀረው ዋራንቲ ስለሚለያይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

«ሰርቲፋይድ ከሆነ ሪኮሉ (አምራቹ ለጉድለት የሚጠራው ጥገና) ተሠርቷል» የሚሉም አሉ። ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ንግድ ኮሚሽኑ ጀኔራል ሞተርስንና ሁለት ትልልቅ የዲለር ድርጅቶችን የከሰሰው በፍተሻቸው እየተመጻደቁ ሪኮላቸው ያልተሠራ መኪኖች ስላስተዋወቁ ነበር። ሪኮል ያለበት ያገለገለ መኪና መሸጥን የሚከለክል አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም። 17 አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (ኤንኤችቲኤስኤ) ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ በነፃ ይታያል።

«በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለውም ስህተት ነው። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ዲለር ቤት ሄደው የገዙትን መኪና አይመለከትም።

«ቀይ መኪና ኢንሹራንሱ ውድ ነው» ይባላል፤ ኢንሹራንስ ቀለም አይጠይቅም፤ የሚያስወድደው የሞተሩ ጉልበትና የነጂው ታሪክ ነው። «ዘይት ሌላ ጋራዥ ካስቀየርክ ዋራንቲህ ይቃጠላል» የሚለውንም እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የማግነሰን ሞስ ሕግ ይከለክለዋል፤ ደረሰኙን ብቻ ያስቀምጡ።

የመጨረሻው፣ ማይሉ ያነሰ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ነው። ብዙ የቆመ የስፖርት መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። በጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ ካሉት ምልክቶች የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2317 ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2017 በ23ኛው ሳምንት ነው። እንዲህ ያረጀ ጎማ ካገኙ ከመፈረምዎ በፊት የአራት አዲስ ጎማ ዋጋ እንዲቀነስልዎት ይጠይቁ።