ምን ሳይለወጥ ይቅር? የሲሜትሪ ቡድኖች ከካሬ እስከ ሂልበርት ህዋ

ሲሜትሪ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ውበት ነው፤ ግራና ቀኙ የተስተካከለ ፊት፣ ክንፎቿ የተመሳሰሉ ቢራቢሮ፣ እየተደጋገመ የሚሄድ የቀሚስ ጥለት። የሒሳብ ሰዎች ግን ነገሩን የሚያዩት ከድርጊት አንጻር ነው። አንድን ነገር አዙረውት ወይም ገልብጠውት ሲያበቁ፣ ፊቱን አዙሮ የነበረ ሰው ተመልሶ ቢያየው መነካቱን የማያውቅ ከሆነ፣ ያ ድርጊት ለዚያ ነገር ሲሜትሪ ይባላል። የእንዲህ ያሉ ድርጊቶች ሙሉ ስብስብ ደግሞ የነገሩ የሲሜትሪ ቡድን ነው።

ስብስቡን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ምን ሳይለወጥ ይቅር? ይህ ጥያቄ ከአንድ ቁራጭ ወረቀት ተነስቶ አቶም ውስጥ ያደርሳል።

ስምንት ብቻ

አራቱም ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ወረቀት ይቁረጡ። ከላይ በግራ ጥግ ሀ፣ ከላይ በቀኝ ለ፣ ከታች በቀኝ ሐ፣ ከታች በግራ መ ብለው ይጻፉ፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ እንዳይጠፉ በጀርባውም በየጥጋቸው ይድገሟቸው። ወረቀቱ የነበረበትን ቦታ ልክ እንዲሞላ አድርጎ በስንት መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል? ባለበት መተው፣ በ90፣ በ180 እና በ270 ዲግሪ ማዞር፤ እነዚህ 4 ናቸው። በቁመቱ መሐል፣ በአግድሙ መሐልና በሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ላይ መገልበጥ፤ እነዚህም 4 ናቸው። በድምሩ 8። ዘጠነኛ የለም።

ስምንቱ ዝም ብለው የተሰበሰቡ አይደሉም። ሁለቱን አከታትለው ቢሠሩ ውጤቱ ከስምንቱ አንዱ ነው። እያንዳንዱን የሚሽር ሌላ ድርጊት እዚያው ውስጥ አለ። ምንም አለማድረግም ተቆጥሮ ቦታ ተሰጥቶታል፤ ዜሮ በመደመር ውስጥ ያለውን ሥራ ይሠራልና። ቡድን የሚያሰኘው ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን ዋዛ አይደለም። ወረቀቱን መጀመሪያ እንደ ሰዓት አቆጣጠር 90 ዲግሪ ያዙሩት፤ ቀጥሎ የመጽሐፍ ገጽ እንደሚገለጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይገልብጡት። ሀ ከላይ በግራ ይገኛል። አሁን ወደ መጀመሪያው አቀማመጥ ይመልሱትና በተቃራኒው ይሞክሩ፤ አስቀድመው ይገልብጡ፣ ከዚያ ያዙሩ። ሀ ከታች በቀኝ ነው። በቁጥር ብዜት 3 ጊዜ 5 እና 5 ጊዜ 3 አንድ ናቸው፤ በድርጊቶች ብዜት ግን ማን ቀደመ የሚለው ውጤቱን ይለውጠዋል። ይህ ጠባይ በኋላ ኳንተም ሜካኒክስ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አራቱን ጥጎች ከወረቀቱ ነጥለን እንደ አራት ተራ ነጥቦች ብንቆጥራቸውና ምንም ዝምድና እንዲጠበቅ ባንጠይቅ፣ በ24 መንገድ ልናቀያይራቸው እንችላለን። ማን ከማን ጎን እንደሆነ ይጠበቅ ካልን 24ቱ ወደ 8 ይወርዳሉ። በጎኖቹ ላይ ዙሪያውን አንድ አቅጣጫ የሚከተሉ ቀስቶች ብንስልና እነሱም ይጠበቁ ብንል መዞሮቹ ብቻ፣ ማለትም 4 ይቀራሉ። ቀስቶቹን አጥፍተን አንዱን ጥግ ቀለም ብንቀባ 2 ብቻ። የሚጠበቀው በበዛ ቁጥር ቡድኑ ያንሳል። የአንድ መዋቅር ጠባይ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለማወቅ ቡድኑን ማየት ይበቃል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከጋሏ እስከ ክላይን

የቡድን ሐሳብ የተወለደው ከሥዕል ሳይሆን ከአልጀብራ ነው። ኖርዌያዊው ኒልስ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 አምስተኛ ዲግሪ ላለው እኩልዮሽ በጥቅሉ፣ በአራቱ የሒሳብ ስሌቶችና ሥር በማውጣት ብቻ መፍትሔ የሚሰጥ ቀመር እንደሌለ አረጋገጠ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለምን እንደሌለና የትኞቹ እኩልዮሾች ነጻ እንደሚወጡ ያሳየው ግን ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋሏ ነው። ጋሏ የእኩልዮሹን መፍትሔዎች እንደ ነጥብ ቆጥሮ፣ በመካከላቸው ያለው የአልጀብራ ዝምድና ሳይፈርስ እንዴት ሊቀያየሩ እንደሚችሉ መረመረ። በ1832 በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ ሲሞት ገና 20 ዓመቱ ነበር። ጽሑፎቹን ጆዜፍ ሊዩቪል ያሳተማቸው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1846 ነው።

በ1872 ጀርመናዊው ፌሊክስ ክላይን በኤርላንገን ነገሩን ገለበጠው። እስከዚያ ድረስ መጀመሪያ ቅርጹ ይሰጣል፣ ሲሜትሪው ከዚያ ይፈለጋል። ክላይን ቡድኑን አስቀደመ፤ ጂኦሜትሪ ማለት አንድ ቡድን ሲሠራ ሳይለወጡ የሚቀሩ ጠባዮች ጥናት ነው አለ። ርቀት የሚጠብቀውን ቡድን ከወሰድን በትምህርት ቤት የምናውቀው ጂኦሜትሪ ይወጣል፤ ሰፋ ያለ ቡድን ከወሰድን ርቀት ትርጉሙን ያጣል፣ ቀጥታ መስመር ግን ቀጥታ መስመር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ማለቂያ የሌለው ህዋ

ዳቪድ ሂልበርት በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኢንቴግራል እኩልዮሾች ላይ ሲሠራ፣ ማለቂያ የሌላቸውን የቁጥር ዝርዝሮች እንደ ቬክተር መያዝ ጀመረ። ተራው ቬክተር ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ የእሱ ግን አያልቅም። እንዲህ ያሉ ቬክተሮች ወደሚኖሩበት ህዋ ለመግባት አንድ መስፈርት አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ድምሩ የተወሰነ መሆን አለበት። 1፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ የሚሄደው ዝርዝር ያልፋል፤ ድምሩ 4/3 ነው። 1፣ 1፣ 1 እያለ የሚቀጥለው ግን አያልፍም። መስፈርቱን ባለፉት መካከል ርዝመትም፣ በዶት ፕሮዳክት የሚለካ ማዕዘንም አለ። ይህንን ህዋ በአክሲዮም አደላድሎ የሂልበርትን ስም የሰጠው የቡዳፔስቱ ተወላጅ ጆን ፎን ኖይማን ነው። ለኳንተም ሜካኒክስ መሠረት አድርጎ ያቀረበበት መጽሐፍ በ1932 ወጣ።

ኦፕሬተር ማለት በዚህ ህዋ ላይ የሚሠራ ድርጊት ነው፤ አንድ ቬክተር ተቀብሎ ሌላ ይመልሳል። ታዲያ የህዋው ሲሜትሪ የትኞቹ ኦፕሬተሮች ናቸው? ርዝመትና ማዕዘን የሚጠብቁት ናቸው ብሎ መመለስ ይቀላል። ማለቂያ የሌለው ነገር ግን ወጥመድ አለው። ዝርዝሩን በሙሉ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይግፉትና በተለቀቀው የመጀመሪያ ቦታ 0 ያስገቡ። ሀ፣ ለ፣ ሐ የነበረው 0፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይሆናል። ርዝመት አልተነካም፤ ማዕዘንም አልተነካም። ሆኖም በ0 የማይጀምር ቬክተር ላይ በዚህ ግፊት የሚደርስ የለም። ወደ ግራ መልሶ መግፋት ሥራውን ይሽረዋል፤ በዚህ በኩል ችግር የለም። ግራውን ግፊት ካስቀደሙ ግን የመጀመሪያው ቁጥር ከዝርዝሩ ወድቆ ይጠፋል፣ የሚመልሰውም የለም። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚገፋው ኦፕሬተር ሁሉን ጠብቆም ሲሜትሪ አይደለም። በሁለትና በሦስት ልኬት ዓለም እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም፤ እዚያ ርዝመትን የሚጠብቅ ሊኒየር ኦፕሬተር ሁሉ የሚሽረው አለው። በሂልበርት ህዋ ግን መሻር መቻልን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ያሟሉት ኦፕሬተሮች ዩኒታሪ ይባላሉ፤ የህዋው የሲሜትሪ ቡድንም እነሱ ናቸው።

የዊግነር ቲዎረም

በኳንተም ሜካኒክስ የአንድ ኤሌክትሮን ሁኔታ በሂልበርት ህዋ ውስጥ ርዝመቱ 1 በሆነ ቬክተር ይገለጻል። በቤተ ሙከራ የሚታየው ግን ቬክተሩ ራሱ አይደለም። የሚታየው የመሆን ዕድል ነው፤ የሁለት ቬክተሮች ዶት ፕሮዳክት መጠን በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ቁጥር። እንግዲህ ተፈጥሮ እንዲጠበቅ የምትጠይቀው ዕድሎቹን ብቻ ነው። የሚጠበቀው ካነሰ ቡድኑ ይሰፋል ብለናልና፣ እዚህ ልቅ የሆነ ቡድን ይጠበቃል።

የፎን ኖይማን የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረው ዩጂን ዊግነር በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ እንደዚያ አለመሆኑን አሳየ። የሁኔታዎችን ዕድል ጠብቆ አንድ ለአንድ የሚያቀያይር ማንኛውም ድርጊት ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከዩኒታሪ ኦፕሬተር የመጣ ነው፣ ወይ የኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ምናባዊ ክፍል ምልክት ከሚቀይረው መንትያው ከአንቲዩኒታሪ። ሦስተኛ መንገድ የለም። ሁለተኛው ዓይነትም የወረቀት ጌጥ አይደለም፤ ጊዜን ወደ ኋላ የማስኬድ ሲሜትሪ የሚገለጸው በእሱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኡልሆርን የተባለ ተመራማሪ ይበልጥ የሚያስገርም ውጤት አገኘ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ልኬት ባለው ህዋ፣ ዕድላቸው ዜሮ የሆኑት ጥንዶች ዜሮ ሆነው እንዲቀሩ ብቻ መጠየቅ እዚያው መደምደሚያ ላይ ያደርሳል።

የዕድል ሕግ ግን አንድ ስውር ነጻነት ይተዋል። ቬክተሩ በ-1 ቢባዛ ዕድሉ አይለወጥም። ኤሌክትሮን ይህንን ነጻነት ይጠቀምበታል፤ 360 ዲግሪ ሲዞር ቬክተሩ በ-1 ተባዝቶ ይገኛል፤ ወደ መነሻው የሚመለሰው በ720 ዲግሪ ነው። ከኤሌክትሮን ጋር ተመሳሳይ ስፒን (ውስጣዊ የማዕዘን ሞመንተም) ባላቸው ኒውትሮኖች ላይ በ1975 የተደረጉ ሙከራዎች፣ የዞረውን ጨረር ካልዞረው ጋር በማገናኘት ይህንኑ ምልክት በግልጽ አሳይተዋል።

ቡድኑ የሚሠራው ሥራ

አንድን ቡድን በኦፕሬተሮች መተካት፣ የድርጊቶቹ ብዜት ከኦፕሬተሮቹ ብዜት ጋር እንዲገጥም አድርጎ፣ ውክልና ይባላል። ጥቅሙ በሃይድሮጅን አቶም ጎልቶ ይታያል። አቶሙ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ጠባዩ አይለወጥም። ስለዚህ እኩል ኃይል ያላቸው ሁኔታዎች በመዞር እርስ በርስ ይቀያየራሉ እንጂ ከክልላቸው አይወጡም። የመዞር ቡድን ሊከፋፈሉ የማይችሉ ክልሎችን በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እያደረገ ያስቀምጣል። በሃይድሮጅን በአንድ ኃይል ላይ የሚገኙት ሁኔታዎች ብዛት ግን፣ ስፒንን ሳንቆጥር፣ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ናቸው። 4 የ1 እና የ3 ድምር ነው፤ 9 ደግሞ የ1፣ የ3 እና የ5። ለምን ተደራርበው አንድ ኃይል ላይ አረፉ? ሩሲያዊው ቭላድሚር ፎክ በ1935 መልሱን ግልጽ አደረገው፤ አቶሙ ከምናየው የሦስት ልኬት መዞር የሰፋ፣ የአራት ልኬት መዞር ሲሜትሪ አለው። የቁጥሮቹ መግጠም የድብቅ ቡድን አሻራ ነበር።

አሜሪካዊው ማርሻል ስቶን በበኩሉ ያለማቋረጥ የሚሄድ ሲሜትሪ ሁሉ ከጀርባው ራሱን የቻለ አንድ የሚለካ መጠን እንዳለው አረጋገጠ። በቦታ ከመሸጋገር ሞመንተም ይወጣል፤ ከመዞር የማዕዘን ሞመንተም፤ ጊዜ ከመቀጠሉ ኃይል። ኤሚ ኔተር በ1918 ለክላሲካል ፊዚክስ ሲሜትሪንና የማይባክኑ መጠኖችን ያስተሳሰረችበት ሐሳብ፣ በኳንተሙ ዓለም በኦፕሬተሮች ቋንቋ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ሲቀርብ የፊዚክስ ሰዎች በእልልታ አልተቀበሉትም። ከፊሎቹ ነገሩን የቡድን ወረርሽኝ ብለው ተሳለቁበት፤ ረቂቅ አልጀብራ መማር ሸክም ሆኖባቸው ነበር። ፌዙን ጊዜ ዘጋው። ዊግነር በመሠረታዊ የሲሜትሪ መርሆች ላይ ለሠራው ሥራ በ1963 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተካፈለ። በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ፣ አሥር ቦታ ባለው የሲሜትሪ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ አይቶ መሬይ ጌልማን አስቀድሞ የተነበየው ኦሜጋ ማይነስ ቅንጣት ተገኘ።

ረቂቅ አልጀብራን፣ የኦፕሬተር ጥናትንና ኳንተም ሜካኒክስን በተለያየ ኮርስ፣ በተለያየ መምህር የምትማሩ ተማሪዎች ሦስቱን እንደ ሦስት ባዕድ አገር አትቁጠሯቸው። አዲስ መዋቅር በገጠማችሁ ቁጥር ትርጓሜውን ከመሸምደዳችሁ በፊት ምን ሳይለወጥ መቅረት እንዳለበት ጠይቁ፤ ከዚያ ቡድኑን ቁጠሩ። ከጋሏ እስከ ዊግነር ያሉት ሰዎች የሠሩት ይህንኑ ነው።