የጋምቤላ ሙቀትና የተዘጋ መስኮት

በጋምቤላ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የሚከራይ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዋጋ እኩል የአየሩንም ሒሳብ መሥራት ይኖርበታል። በባሮ ወንዝ ዳር፣ በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። አካባቢው ወባማ በመሆኑ መስኮት ከፍቶ ማደርም ያሰጋል።

ብዙዎች ኤር ኮንዲሽነር ይገዛሉ። ይሁንና በግድግዳ የሚሰቀለው የተለመደው ዓይነት የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያቀዘቅዛል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጭ አያስገባም። ባለ 12 ሺህ ቢቲዩው 1 ኪሎዋት ገደማ ኃይል ይስባል። የጣሪያ ቬንትሌተር ከ75 ዋት ብዙም አይበልጥም።

በቀዝቃዛ አገሮች የተለመደው ሙቀት ቆጣቢ አየር መለዋወጫ በሞቃት ቦታም ይሠራል። የሚወጣውና የሚገባው አየር ሳይቀላቀሉ በስስ ዝርግ ሉሆች ግራና ቀኝ ያልፋሉ። ውጭው 40፣ ውስጡ 26 ዲግሪ ቢሆንና መሣሪያው 70 በመቶ ቢሠራ፣ የሚገባው አየር ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል።

አደጋው ያለው በአጠቃቀሙ ነው። አየር የሚስበው አፍ ከጄኔሬተርና ከማድቤት ጭስ መራቅ አለበት። ፊልትሮ የሚጸዳው ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ነው። መብራት ሲጠፋ መለዋወጫውም ስለሚቆም ወንፊት ያለው መስኮት የግድ ያስፈልጋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ወይም ጄኔሬተር ማስነሳት ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ከግንባታው በፊት የሚታቀደው ነው፦ ትይዩ መስኮቶች፣ ከፍ ያለ ኮርኒስና ሰፊ በረንዳ።