ስለ አዲሱ የጥጥ ዘር፤ ጥቅሙና ሊደረግለት የሚገባው ጥንቃቄ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ፥ ሽሮ ሜዳ በሚባለው ሰፈር ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ከነልጆቻቸው ብዙ ዘመን ተቀምጠው ነጠላና ጋቢ ይሠራሉ። ድሩ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ የተፈተለ ነው፤ ማጉ ግን ሴቶች በእንዝርት የሚፈትሉት ነው። ሁለቱም የጥጥ ፍሬ ናቸው። እንግዲህ በአዋሽ ሸለቆ፥ በመተማ ወይም በኦሞ ቆላ ጥጡን ትል የበላው እንደ ሆነ ጉዳቱ በገበሬው ማሳ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሸማኔው እግሩን ከሚሰድበት ጉድጓድ ድረስ ይደርሳል። ስለ ጥጥ ዘር የሚቈረጠው ምክር ሁሉ ዘሪውንም ፈታይዋንም ሸማኔውንም የሚነካ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የጥጥ ዋና ጠላቱ ጓይ ትል ነው። ይህ ትል በሌሊት የምትበር ቢራቢሮ ከጣለችው እንቁላል ይፈለፈላል፤ ከዚያም የጥጡን እንቡጥና ፍሬ ሰርስሮ ይገባል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም። ስለዚህ ገበሬው ደጋግሞ መርጨት ግድ ይሆንበታል። በዚህም የተነሣ ገንዘቡ ያልቃል፥ መድኃኒቱን የሚረጨው ሠራተኛ ጤናው ይታወካል፥ ንቡም ያልቃል፥ ውኃውም ይበከላል።

ይህን መከራ ለማቃለል ሊቃውንት አንድ ብልሐት አገኙ። በአፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ አለ፤ እርሱም የአንዳንድ ትሎችን አንጀት የሚያበላሽ ፕሮቲን ይሠራል። ሊቃውንቱ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረ መል ወስደው በጥጥ ውስጥ አገቡት። ስለዚህ ጥጡ ራሱ ትሉን የሚገድል ሆነ፤ በአጭሩም ቢቲ ጥጥ ተባለ። ገበሬ ከጥንት ጀምሮ መልካሙን ዛላ እየመረጠ ዘሩን ሲያሻሽል ኖሯል፤ ዳሩ ግን ከጥጥ ወገን ካልሆነ ፍጥረት ዘረ መል አምጥቶ ማግባት አዲስ ነገር ነው። ሕጋችንም እንዲህ ያለውን ፍጥረት «ልውጠ ሕያው» ብሎ ይጠራዋል።

የሰው ጤና ነገር ብዙዎችን ያሳስባል። ፕሮቲኑ የሚሠራው በትሉ አንጀት ውስጥ እንጂ በሰው ሆድ አይደለም። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎችም በ2008 ዓ. ም. ባወጡት ሰፊ ምርመራ፥ በገበያ ያሉት የልውጠ ሕያው ምግቦች ከሌላው ምግብ ይልቅ ጤናን ለመጉዳታቸው የተረጋገጠ ማስረጃ አለማግኘታቸውን ገልጸዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ዘር ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል እንጂ የአንዱ ደኅንነት ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ከቀደሙት ጋራ ተሰልፋለች። ጥር 20 ቀን 1992 ዓ. ም. በሞንትሪያል ከተማ የጸደቀው የካርታኼና ስምምነት፥ ልውጠ ሕያው ከአገር ወደ አገር ሲተላለፍ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲፈቅድ የሚያዝዝ ነው። በዚያ ክርክር የአፍሪካን መንግሥታት ወክለው የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ከዚያም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655/2001 ወጣ። ሕጉ ጥብቅ ስለ ነበረ ምርምሩን አግዶታል የሚል አቤቱታ በመነሣቱ በአዋጅ ቍጥር 896/2007 ተሻሻለ። በ2010 ዓ. ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ድቅል ዘሮች፥ አስቀድሞ በተከለለ ማሳ ከተፈተኑ በኋላ፥ ለእርሻ ተፈቀዱ።

የሌሎችን አገሮች ታሪክ የተመለከተ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ያያል። ቡርኪና ፋሶ በ2000 ዓ. ም. ቢቲ ጥጥን ለገበሬዎቿ አደለች። ቀድሞ ስድስት ጊዜ ይረጭ የነበረው መድኃኒት ወደ ሁለት ወረደ፤ ገበሬውም ተጠቀመ። ዳሩ ግን የጥጡ ጭራ አጠረ፤ ጭራው ያጠረ ጥጥም በዓለም ገበያ ዋጋው ይወርዳል። ከዚህም የተነሣ የጥጥ ኩባንያዎቹ በ2008 ዓ. ም. ዘሩን ተዉት። ትሉ ተሸንፎ ሳለ ገበያው ተሸነፈ። ይህ ነገር ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ጭራው ያጠረ ጥጥ ሲፈተል ይበጠሳልና።

በሕንድ አገር ደግሞ ዘሩ በ1994 ዓ. ም. ተፈቅዶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙውን የጥጥ አገር ሸፈነ። ቈይቶ ግን በጉጅራት ሐምራዊው የጥጥ ትል ጥጡን እየበላ የማይሞት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በማሳው ሁሉ ቢቲ ጥጥ ብቻ ቢዘራ፥ ከሺሕ አንድ የሚተርፈው ብርቱ ትል ከብርቱ ጋር እየተራከበ ብርቱ ልጆች ይወልዳል። ከማሳው አጠገብ ተራ ጥጥ ቢዘራ ግን ከዚያ የሚወጡት ደካሞች ከብርቱው ጋር ይደባለቃሉ፤ ብርታቱም ይዘገያል። በአሜሪካ ይህን በመጠበቅና መካን የተደረጉ ቢራቢሮዎችን በመልቀቅ ያንኑ ሐምራዊ ትል ከጥጥ አገራቸው ማጥፋታቸው በጥቅምት 2011 ዓ. ም. ታወጀ። ዘሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ፍጻሜው የተለያየው ከአያያዙ የተነሣ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከጉለሌ ቀና ብሎ እንጦጦን ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ዛፉ አልቆ ማገዶ ስለ ጠፋ፥ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ. ም. ከአውስትራልያ ወገን የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ በማደጉ ከተማይቱን ከመፈታት አዳናት። ይህ ጥቅሙ አይካድም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ውኃውን አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም፤ የአገሩም ዛፍ ስፍራውን ለቀቀ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን እያነሣ ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ለመመለስ ይደክማል። በአንድ ትውልድ የተተከለውን ለማስተካከል የልጅ ልጅ ይደክምበታል። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ይሻል ነበር ማለት አይደለም፤ ሲመጣ ወሰን ቢበጅለት ይሻል ነበር ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው አገር ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ. ም. አገራችንን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ ከዓለም የእህል ዘር መነሻዎች አንዷ መሆኗን መስክሯል። በካሊፎርኒያ ገብስን የሚያቀጭጨውን ቢጫ በሽታ የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ጤፍ በራሱ አበባ ውስጥ ስለሚዳቀል ከሌላ ጋር በቀላሉ አይደባለቅም፤ የበቆሎ አበባ ግን በነፋስ ይበናል። በ2009 ዓ. ም. ወደ አገራችን ስለ ገባው መጤ ተምች ተብሎ የበቆሎ ልውጠ ሕያው በተከለለ ማሳ መሞከሩ የሚያስመሰግን ነው፤ ከአጥሩ የወጣ እንደ ሆነ ግን የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ባለ ሰፊ እርሻዎች የሚከተለውን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

አንደኛ፥ ነጋዴ አዲስ ዘር ይዞ በመጣ ጊዜ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተሰጠውን የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ፤ ፈቃድ የሌለውን ከገበያ ማገድና ወዲያው ማስታወቅ።

ሁለተኛ፥ ድቅል ዘር ከመከሩ ተወስዶ ቢዘራ ጥራቱን ስለማይጠብቅ በየዓመቱ መገዛት እንዳለበት ለገበሬው አስቀድሞ መንገር። ዝናቡ በቀረ ዓመት የዘሩ ዕዳ ግን አይቀርም፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንበት ሒሳቡን ከመዝራቱ በፊት አብሮ ማስላት ይገባል።

ሦስተኛ፥ ቢቲ ጥጥ በተዘራበት ሁሉ ከማሳው ጥቂቱ በተራ ጥጥ እንዲዘራ ማድረግ። ዘሩ ክሽክሽንና ነጭ ዝንብን ስለማይገድል ማሳውን መጎብኘት አለመተው።

አራተኛ፥ የመከሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን የጭራውን ርዝመትና ጥንካሬ ከመዳመጫውና ከሸማኔው ጠይቆ በየዓመቱ መጻፍ።

አምስተኛ፥ አዲሱ ዘር ሳይስፋፋ የአገሩን ዘር ከየቀበሌው አሰባስቦ በኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንዲቀመጥ ማድረግ። አዲሱ ቢከሽፍ የሚመለሱበት ይህ ነውና።

አዲስ ዘር ሁሉ መርዝ ነው ብሎ መሸሽ ገበሬውን ለትሉ አሳልፎ መስጠት ነው፤ አዲስ ዘር ሁሉ በረከት ነው ብሎ መቀበልም የአባትን ርስት ባልታወቀ ነገር መለወጥ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እህል ቢፈስስ ይለቀማል፥ ዘረ መል ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቅመው አይገኝም። መርምሮ የፈቀደ፥ ፈቅዶም የተጠባበቀ ሹም ግን ገበሬውን ከትል ያድነዋል፤ የሽሮ ሜዳም ሸማኔ ድሩ ሳይበጠስ ሸማውን ይጨርሳል።