ከቡሬ ወደ ራስ ደጀን፦ በረዶ ባለበት ተራራ ላይ ለሚጓዝ

በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ረግቶ የጠነከረውን ውሃም በአንድ ቃል «በረዶ» እንላቸዋለን። በምዕራብ ጎጃም የሚታወቀው የመጀመሪያው ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የበቆሎ ማሳ አንክቶ የሚሄደው። እንደ ጥጥ የሚረግፈው ግን በአገራችን ከከፍተኛ ተራሮች ውጭ አይታይም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከእግራቸው ሥር ሰፊ የበረዶ ጫማ ያስራሉ። ምክንያቱ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በክረምት ዋልካ መሬት ላይ የሚሄድ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል፤ ጣውላ ቢነጠፍለት ግን ተራምዶ ያልፋል። የሰውነት ክብደት በሰፊ ቦታ ሲከፋፈል መስመጥ ይቀንሳልና። ለዳገት የሚሠራው ጫማ ከሥሩ የብረት ጥርስ ስላለው አያንሸራትትም።

በእኛ ተራሮች ይህ ጫማ ያስፈልጋል? ጥንት ሳያስፈልግ አልቀረም። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ በሰሜን ተራሮች ያካሄደውን ዘመቻ ሲተርክ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰምጥ እንደነበር ይገልጻል። ዛሬ በራስ ደጀን የሚወርደው ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፀሐይ ስትበረታ ይቀልጣል። በበረዶ አገሮች ብርዱና እርጥበቱ አብረው ይመጣሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ዝናቡ በክረምት ሲሆን፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚቀዘቅዘው ሰማዩ በጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ በበጋ የሚወጣ መንገደኛ ማለዳ የሚገጥመው አመዳይ የለበሰ ሣርና የረጋ ውሃ ነው። ለዚህ ሥሩ ጥርስ ያለው ጠንካራ ጫማና ዱላ ይበቃል።

ዋናው አደጋ ከእግር ሥር ሳይሆን ከፍታው ላይ ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ልዩነቱ ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። አየሩም ይሳሳል፤ ቡሬ ላይ በአንድ ትንፋሽ ከምናገኘው ኦክስጅን ሩብ ያህሉ ጫፉ ላይ የለም። ጉልበት ከዚህ አያድንም። እንዲያውም ብርቱው ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል። መኪና መንገዱ በቧሂት ትከሻ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያልፍ መሆኑም ችኮላን ይጋብዛል።

ሕመሙ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በድካም ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድ አለበት፤ መዘግየት ይገድላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር። በደባርቅ፣ በሳንቃበርና በግጭ እያደሩ መሄድ ለዚህ ይመቻል። ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ የሚቀርበው ጮቄም 4,000 ሜትር ስለሚያልፍ ሕጉ ያው ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ የምንወደው ጋቢ በደረቅ ብርድ ያሞቃል፤ ከራሰ ግን ጥጥ በመሆኑ ሙቀት ይነጥቃል። የሱፍ በርኖስ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። አባቶች ለደጋ በርኖስን የመረጡት በከንቱ አይደለም።

ቀጥ ያለውን ዳገት ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ መውጣት ትንፋሽ ይቆጥባል። ቁልቁለቱ ግን የባሰ ነው፤ የደከመ ጉልበት የሚከዳው ያኔ ነው። እርምጃን ማሳጠር፣ ዱላን ከፊት ማስቀደም ይገባል። ከደባርቅ ስካውት፣ አስጎብኚና በቅሎ ይገኛል። በቅሎዋን ለዕቃ ብቻ የሚከራዩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን መኪና በማይደርስበት ገደል የታመመን ሰው ለማውረድ ከእርሷ የተሻለ የለም።