የሩስተንበርግ ፕላቲኒየም

በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ ቡሽቬልድ በሚባለው አገር፣ ከምድር በታች የተንጣለለ አንድ ግዙፍ የዐለት አካል አለ። ስፋቱ 65 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱም በብዙ ኪሎ ሜትር ይለካል። በየዓመቱ ከዓለም ማዕድን ማውጫዎች ከሚገኘው ፕላቲኒየም 70 በመቶ የሚሆነው የሚወጣው ከዚህ ነው። ብረቱ ግን በዐለቱ ሁሉ ውስጥ የተሠራጨ አይደለም፤ የተከማቸው በጥቂት ስስ ንጣፎች ውስጥ ብቻ ነው። ከሁሉ የታወቀው የመረንስኪ ንጣፍ በአብዛኛው ቦታ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሩስተንበርግ ከተማ ዙሪያ ያሉት ማዕድን ማውጫዎች አሠራር፣ ወጪያቸውና የሠራተኞቻቸው ድካም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ስስነት ነው።

ዐለቱ የተፈጠረው ከ2 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ከምድር ጥልቀት የተነሣ ቅልጥ ዐለት ገጽ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝም ማዕድናቱ በየተራ እየረጉ አንዱ በሌላው ላይ ተነጠፉ። በዚህ መሐል ሰልፈር የበዛበት ፈሳሽ ከቀሪው ቅልጥ በጠብታ መልክ ተለየ። ፕላቲኒየምና አምስቱ ዘመዶቹ፣ ማለትም ፓላዲየም፣ ሮዲየም፣ ሩተኒየም፣ ኢሪዲየምና ኦስሚየም፣ ወደዚህ ፈሳሽ አጥብቀው ስለሚሳቡ ጠብታዎቹ ከብዙ ቅልጥ ውስጥ ለቅመው አሰባሰቧቸው። ፈሳሹ በዚያ ሰዓት እንዲለይ ያደረገው ምን እንደሆነ ግን ጂኦሎጂስቶች እስካሁን ይከራከሩበታል። ከመረንስኪ በታች ዩጂ2 የተባለ፣ ክሮም የበዛበት ጥቁር ንጣፍ አለ፤ ዛሬ ከሚወጣው ማዕድን ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ነው። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ያለው የኢትዮጵያ ፕላቲኒየም ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ብረቱ የሚገኘው ዐለቱ ለረጅም ዘመን አፈር ሆኖ ከፈረሰበት ስፍራ በመታጠብ ነው።

ንጣፉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። አንድሪስ ሎምባርድ የተባለ ገበሬ በእርሻው ውስጥ ከሚያልፍ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ያጠበውን ነጭ ብረት ለጂኦሎጂስቱ ለሃንስ መረንስኪ ላከለት። መረንስኪም የብረቱን ምንጭ ተከትሎ በዓመቱ እስከ ሩስተንበርግ ድረስ ደረሰበት።

ንጣፉ ወደ ቡሽቬልድ መሐል በመጠኑ እያዘነበለ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቁፋሮው በየዓመቱ ይጠልቃል። ከ2 ኪሎ ሜትር በታች የደረሱ ማውጫዎች አሉ። እዚያ ዐለቱ ራሱ ስለሚግል አየሩን ያለማቋረጥ ማቀዝቀዝ ግድ ይላል፤ በኖርዛም ማውጫ የቀዘቀዘ ውሃ ከላይ እየወረደ ቦታውን ከማቀዝቀዝ አልፎ በግፊቱ መሰርሰሪያዎቹን ያንቀሳቅሳል። የሥራ ቦታው ከፍታ ከንጣፉ ብዙም አይበልጥም፤ ትርፍ ድንጋይ ማውጣት ኪሳራ ነውና። ሰርሳሪው ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይችል ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ፣ የሚንቀጠቀጠውን ከባድ መሣሪያ በእጁና በእግሩ ደግፎ ዐለቱን ይበሳል። ቀዳዳዎቹ ፈንጂ ተሞልተው ይፈነዳሉ፤ የተሰበረው ድንጋይ በገመድ ተስቦ ይወጣል፤ ጣሪያውም በብረት ዘንግና በእንጨት ምሰሶ ይደገፋል። በሊምፖፖ ያለው ሞጋላክዌና ግን ንጣፉ ወፍራምና ለገጽ የቀረበ በመሆኑ ከላይ ተከፍቶ በትላልቅ ማሽኖች ይቆፈራል።

ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው የከበረ ብረት ከጥቂት ግራም አያልፍም። ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጭና ከውሃና ከኬሚካል ጋር ይበጠበጣል፤ ሰልፋይዱ በአየር አረፋ ላይ ተጣብቆ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ግፋፊው ደርቆ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል የኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል። ከዚያ ተራው ብረትና ሰልፈሩ፣ ቀጥሎም ኒኬልና መዳቡ ይወገዳሉ፤ በመጨረሻ ስድስቱ ብረቶች በኬሚካል አንድ በአንድ ይለያያሉ። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ትልቁ ገዢ የመኪና ኢንዱስትሪ ነው። በጭስ ማውጫ ውስጥ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር መርዛማ ጋዞችን ጉዳታቸው ወደሚቀንስ ጋዝ የሚለውጠው በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ነው። ለማዳበሪያ የሚውለው ናይትሪክ አሲድ የሚመረተው በፕላቲኒየምና በሮዲየም መረብ ሲሆን፣ ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም የፕላቲኒየም ውሕድ ነው። ገበያው ጠባብ በመሆኑ ዋጋው አይጨበጥም፤ አንድ አውንስ ሮዲየም በ2021 ወደ 30 ሺህ ዶላር ተጠግቶ፣ በ2023 ከ5 ሺህ በታች ወረደ።

ይህ መዋዠቅ ከ150 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ይነካል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በማሪካና ማውጫ 12,500 ራንድ ወርኃዊ ደመወዝ ጠይቀው ሥራ ካቆሙት መካከል 34ቱን ፖሊስ በአንድ ቀን ተኩሶ ገደለ። አድማውን የቀሰቀሱት እነዚያው ሰርሳሪዎች ነበሩ፤ ከባዱን ሥራ የሚሸከሙት ሰዎች ጥያቄ በጥይት መመለሱ የአገሪቱ ጥልቅ ቁስል ነው። ሀብቱ ለባለ መሬቱ የደረሰበት ምሳሌም አለ። በሩስተንበርግ አካባቢ የሚኖረው የባፎኬንግ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎልማሶቹን ወደ ኪምበርሊ አልማዝ ማውጫ ልኮ፣ ከደመወዛቸው ባዋጣው ገንዘብ የገዛ አገሩን መሬት ገዛ። ጥቁሮች በስማቸው መሬት እንዲይዙ ስላልተፈቀደ የተመዘገበው በሚሲዮናውያን ስም ነበር። ከመሬቱ ሥር ፕላቲኒየም ተገኘ፤ ስለ ገቢው ለዓመታት የዘለቀው ክርክርም እ.ኤ.አ. በ1999 በስምምነት ተቋጭቶ ሕዝቡ ድርሻውን አገኘ።

በባትሪ የሚሄድ መኪና የጭስ ማውጫ ስለሌለው የነገው ገበያ ያሳስባል። በሌላ በኩል ውሃን ከፍለው ሃይድሮጅን የሚያመርቱ አንዳንድ መሣሪያዎች ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ይሻሉ። ኢሪዲየም ግን ለብቻው አይቆፈርም፤ ከፕላቲኒየም ጋር እግረ መንገዱን በጥቂቱ የሚወጣ ስለሆነ ተፈላጊነቱ ቢጨምርም ምርቱን ብቻውን ማሳደግ አይቻልም።