ተከሳሽ ጠበቃ ሲያጣ የሚጠፋው ነገር

ፍርድ የመንግሥት መሠረት መሆኑን የማይናገር ሕዝብ የለም። ነገር ግን ፍርድ የሚሠራው ዳኛው ብያኔውን በሚያነብበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ብያኔ የሚቆመው በክርክሩ ላይ ነውና፥ ክርክሩ ከጐደለ ዳኛው የቱንም ያህል ደግ፥ ሕጉም የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፥ ፍርዱ መጓደሉ አይቀርም። ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ ሕግ የተማረ፥ መርማሪና ጸሐፊ ያለው፥ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ፥ ሁለተኛው ግን ከእስር ቤት የመጣ ሕግ የማያውቅ ድኻ እንደ ሆነ፥ ዳኛው ሁለት ሰው ቢያይም የሚሰማው የአንድ ወገን ነገር ነው።

አባቶቻችን ይህን አልሳቱትም። በዱሮው ዘመን በላ ልበልሃ እየተባባሉ በአደባባይ ሲሟገቱ፥ ነገር የማይሆንለት ሰው ነገር ዐዋቂ ጠበቃ ያቆም ነበር፤ እውነት ይዞ አንደበት ያጣ ሰው ሊረታ እንደሚችል ያውቁ ነበርና። የሶስናን ታሪክ የሚያነቡ ካህናትም ይህን ያስተውሉታል። ሁለት ሽማግሌዎች መስክረውባት ሸንጎው ሞት የፈረደባትን ሴት ያዳናት፥ ዳንኤል ምስክሮቹን ለየብቻ አቁሞ ከምን ዛፍ በታች እንዳዩዋት በጠየቃቸው ጊዜ ቃላቸው ስለ ተለያየ ነው። የሶስና ንጽሕና ከጥያቄው በፊትም እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ጠያቂ እስኪነሣ ድረስ ለሸንጎው አልታየውም።

በዛሬው ዘመን ሥርዐትም ነገሩ ያው መሆኑን ለማስረዳት፥ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት የሆነውን አንድ ክርክር እንተርካለን፤ በዚህ ታሪክ ዘመኑ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው። በ1961 ዓ.ም. ጁን 3 ቀን፥ ፓናማ ሲቲ በምትባለው ከተማ አጠገብ አንድ የከረንቡላ ቤት ሌሊት ተሰብሮ ጥቂት መጠጥና፥ ሳንቲም እየገባባቸው ከሚሠሩት መኪናዎች ውስጥ ገንዘብ ተወሰደ። አንድ ምስክር ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን የሚባለውን ሰው ሊነጋ ሲል ከቤቱ ውስጥ በመስኮት አየሁት ስላለ፥ ጊዲዮን ተይዞ ተከሰሰ። ይህ ሰው ዕድሜው 50 ዓመት፥ ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ፥ ከዚያ በፊትም በስርቆት ተፈርዶበት የታሰረ ድኻ ነበር።

ኦገስት 4 ቀን ችሎት በቀረበ ጊዜ ጠበቃ እንዲቆምለት ለመነ። ዳኛውም በፍሎሪዳ ሕግ ፍርድ ቤት ጠበቃ የሚያቆመው በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ለተከሰሰ ብቻ መሆኑን ገልጦ ልመናውን ሳይቀበለው ቀረ። ይህን ያደረገው ስለ ጨከነ አይደለም፤ የግዛቱ ሕግ እንዲህ ስለ ነበረ ነው። ጊዲዮንም ብቻውን ተነሥቶ፥ ነገሩን ሰምተው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ለሚሉት ጁሪ ለሚባሉት ስድስት የአገር ሰዎች ተናገረ፤ የከሳሽን ምስክሮች ጠየቀ፤ የራሱንም አሰማ፤ ንጹሕ ነኝ ብሎ ነገሩን ጨረሰ። ጁሪዎቹ ጥፋተኛ ነው አሉ፤ ዳኛውም ሕጉ የሚፈቅደውን የመጨረሻውን ቅጣት አምስት ዓመት እስራት ፈረደበት።

በዚያ አገር ሕገ መንግሥት ላይ በ1791 የተጨመረው ስድስተኛው ማሻሻያ ተከሳሽ በጠበቃ እንዲረዳ ይፈቅዳል። ነገር ግን ቃሉ ለብዙ ዘመን የተተረጐመው፥ ገንዘብ ያለው ሰው ጠበቃ ከማቆም አይከለከልም ተብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1932 በአላባማ ግዛት ሞት ስለ ተፈረደባቸው ጥቍር ወጣቶች፥ በ1938 ደግሞ በማዕከላዊው መንግሥት ፍርድ ቤቶች ስለሚከሰሱ ሰዎች ጥቂት በጥቂት በሩን ከፈተ። በ1942 ግን የሜሪላንዱ ስሚዝ ቤትስ አቤት ባለ ጊዜ፥ በግዛት ፍርድ ቤት ለተከሰሰ ድኻ ጠበቃ የሚያስፈልገው ልዩ ምክንያት ሲገኝ፥ ይኸውም ያለ ጠበቃ ቢከራከር ፍርድ እንደሚጓደል የሚያሳይ ነገር ሲኖር ብቻ ነው ብሎ በስድስት ድምፅ በሦስት ላይ ወሰነ። ይህን ከተቃወሙት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሁጎ ብላክ ነበሩ።

ጊዲዮን በ1962 መጀመሪያ በወኅኒ ቤት ወረቀት ላይ በእርሳስ አቤቱታ ጽፎ ለዚሁ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። ፍርድ ቤቱም አቤቱታውን ተቀብሎ ኤብ ፎርታስ የሚባሉትን የታወቁ ጠበቃ አቆመለት። ፍሎሪዳ ሌሎቹ ግዛቶች እንዲያግዟት ብትጠይቅ ሁለት ብቻ ሲደግፏት፥ 22 ግዛቶች ለእስረኛው ወገን ሆነው ጻፉ። ማርች 18 ቀን 1963 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ፥ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ የግዛቱ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል ብለው የ1942ቱን ውሳኔ ሻሩ። የፍርዱን ቃል የጻፉት ከ21 ዓመት በፊት የተቃወሙት ያው ሁጎ ብላክ ናቸው።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ከዚህ ላይ ያበቃሉ። ለእኛ ግን ዋናው ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኦገስት 5 ቀን 1963 ጊዲዮን በዚያው ከተማ፥ በዚያው ዳኛ ፊት፥ በዚያው ክስ እንደ ገና ቀረበ። የተለወጠው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ፍሬድ ተርነር የተባሉ የአገሩ ጠበቃ ከጎኑ ቆሙ። እኒህም ጠበቃ አስቀድመው ነገሩን መርምረው ነበርና፥ አየሁ ያለውን ምስክር በጥያቄ አስጨነቁት፤ ምናልባት እርሱ ራሱ ቤቱን ለሰበሩት ወጣቶች ዘብ ቆሞ እንደ ሆነም ለጁሪዎቹ አመለከቱ። በዚያ ጧት ጊዲዮንን ያሳፈረው የታክሲ ነጂም፥ ሰውየው በእጁ የወይን ጠጅም ሆነ ቢራ ወይም ኮካ ኮላ እንዳልያዘ ተናገረ። ጁሪዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ተማክረው ጥፋተኛ አይደለም አሉ።

እንግዲህ ሁለቱን መዝገቦች አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እንመልከታቸው። የመጀመሪያውን መዝገብ የሚያነብ ሰው ምንም ጕድለት አያገኝበትም። ዳኛው ሥርዐቱን ጠብቋል፤ ተከሳሹ እንዲናገርና እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል፤ ምስክሮቹም ተሰምተዋል። የጐደለው ነገር በመዝገቡ ውስጥ አልተጻፈም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ጸሐፊ አይጽፈውምና። የ1942ቱ ውሳኔ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ ያጣውን ሰው፥ ጠበቃ በማጣትህ የተጓደለብህን አሳይ ይለው ነበር፤ ነገር ግን የተጓደለበትን አይቶ ለማሳየት የሚችለው ጠበቃ ብቻ ነው። ጊዲዮን ሁለተኛ ባይከራከር ኖሮ የፊተኛው ፍርድ ዛሬም ትክክል መስሎ ይኖር ነበር።

አንዳንድ ሰው፥ መንግሥት ለሌባ ጠበቃ እያቆመ ገንዘቡን ለምን ያባክናል ይል ይሆናል። ሌባ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከፍርድ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። ጊዲዮን ቀድሞ ሰርቆ ያውቅ ነበር፤ በዚህኛው ክስ ግን የፈረደበት መንግሥት ማስረጃውን በሚገባ ሳያስመረምር ሁለት ዓመት አሰረው። ንጹሕ ሰው በታሰረ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ የእስረኛው ብቻ አይደለም፤ ወንጀለኛው በነጻ ይሄዳል፥ የተሰረቀውም ሰው ያለ ካሣ ይቀራል፥ ሕዝቡም በዳኛ ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በፍሎሪዳ ብቻ ሁለት ሺህ ያህል እስረኞች ተፈቱ፤ ግዛቲቱም በዚያው ዓመት የድኾች ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመች። ነገር ግን መብት በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃ የሉዊዚያና ግዛት ነገር ያስተምራል። በዚያ የድኾች ጠበቆች ደመወዝ በብዛት የሚወጣው ከመኪና ነጂዎች መቀጫና በፍርድ ቤት ከሚከፈል ገንዘብ ነበር። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ መኪናው ከመንገድ ጠፋ፤ መኪናው ሲጠፋ መቀጫው ቀረ፤ መቀጫው ሲቀር አብዛኞቹ ጠበቆች ተሰናበቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩ እስረኞችም ተከራካሪ አጥተው ወኅኒ ቤት ተቀመጡ። በ2016 መጀመሪያም የዚያው ከተማ ተከላካይ ጠበቆች፥ ሰውና ገንዘብ ስላነሰን ከከባዶቹ ክሶች ከፊሉን አንቀበልም አሉ።

ይህ ለእኛ የባዕድ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ተሻሽሎ የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፥ በራሱ ጥረትና ገንዘብ ጠበቃ ማግኘት ላልቻለ ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ እንዲያቆምለት ደንግጎ ነበር፤ ይኸውም የአሜሪካው ውሳኔ ከመሰጠቱ ከሰባት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ20ኛው አንቀጽ፥ ተከሳሽ ጠበቃ ለማቆም ዐቅም በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደል በሚሆንበት ጊዜ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ዳኛው አስቀድሞ ፍትሕ ይጓደላል ወይስ አይጓደልም ብሎ መመዘን አለበት። ከጊዲዮን ሁለት መዝገቦች የምንማረው ግን፥ ይህ ጕድለት ከሩቅ የማይታይ መሆኑን ነው። ክሱ ቀላል መሰለኝ፥ ሰውየውም ራሱ ይናገራል ብሎ ማለፍ ፍሎሪዳ ያለፈችበትን መንገድ መከተል ነው። እስራት በሚያስከትል ክስ የቀረበ ድኻ ጠበቃ ካጣ፥ ፍትሕ ይጓደላል ብሎ መጀመር ለዳኛ የሚሻል ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ የፍርድና የበጀት ሥራ በእጃቸው ያለ ሹማምንት ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። ተከሳሽ በመጀመሪያ በቀረበበት ቀን ጠበቃ ማግኘት እንደሚችል ዳኛው በሚገባው ቋንቋ ይንገረው። የሚቆመውም ጠበቃ መዝገቡን ለማንበብና ምስክር ለመፈለግ የሚበቃ ጊዜ ይሰጠው፤ በችሎት ደጃፍ የተገናኘ ጠበቃ ከስም በቀር የሚረዳው ነገር የለምና። የተከላካይ ጠበቆችም ደመወዝ እንደ ዳኛውና እንደ ዐቃቤ ሕጉ ደመወዝ ሁሉ በታወቀ በጀት ይቁም እንጂ በአጋጣሚ ገቢ አይንጠልጠል። ድኻውም በሕግ አምላክ ብሎ በጮኸ ጊዜ፥ ድምፁን ሰምቶ ነገሩን የሚያስረዳለት ሰው በችሎቱ ውስጥ ቆሞ ያግኝ።