የወጣቶቹ ቤት ቁልፍ

በዚህ ሳምንት የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ የማንም መኖሪያ አይደለም። የቀበሌያችን የወጣቶች ማዕከል ነው። እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ቀን ቀን የወጣቶቹ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ እኛ ጎልማሶቹ ፊደል የቆጠርንበት ቤት ነው።

ቤቱ አንድ አዳራሽና ሁለት ትናንሽ ክፍሎች አሉት። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ከላዩ ሲሚንቶ ተለስኗል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እንጨቱን ሕዝቡ አዋጣ፤ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ቀበሌው ገዛ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ስለሚል ሦስት ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚገባው። በስተኋላም አንዲት ትንሽ በር አለችው። ይህችን ትንሽ በር ልብ በሉልን። ኋላ እንመለስባታለን።

ቤቱ ባዶ አልነበረም። ወንበሮች ነበሩት። ኳስና መረብ ነበረው። መጻሕፍት የሚቀመጡበት ቁም ሣጥን፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራትና ትልቅ ባትሪ ነበሩት። ታዲያ በአንድ የክረምት ሌሊት ሌባ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ምንም አልሰማም። ሌባው መስኮቱን ፈልቅቆ ገባ፤ ቴሌቪዥኑንና ከወንበሮቹ እኩሌታውን ይዞ ሄደ። ባትሪውን ግን ትቶታል። ከብዶት ይሆናል።

ጠዋት ሰዉ ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ሁሉም የጮኸው በዘበኛው ላይ ነው። “አባባ፣ የት ነበሩ?” ተባሉ።

“ቤቴ ነበርኩ” አሉ ሽማግሌው ሳይደብቁ። “በዚያ ዶፍ የት ቆሜ ልጠብቅ? ዛፍ ሥር?”

መልስ የሰጣቸው የለም። እውነትም በግቢው ውስጥ ለዘበኛ የሚሆን መጠለያ አልነበረም። እኛም ይህን ስናውቅ ኖረናል፤ ግን አንድም ቀን አላነሣነውም።

ወዲያው ኮሚቴ ተመረጠ። ከእኛም ሁለት ሰዎች ገቡበት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንናገረው ጥፋት የእኛም ጥፋት ነው። ኮሚቴው አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራ። በየመስኮቱ ብረት ተተከለ። ትንሿ የኋላ በር በሳንቃ ተደግፋ በሚስማር ተቸነከረች። በፊተኛው በር ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ቁልፉ አንድ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ እርሱም በሊቀ መንበሩ ኪስ ገባ። ባትሪው በብረት ሣጥን ተከቶ ከመድረኩ ሥር ተቆለፈበት። “እስቲ አሁን ሌባ ይምጣና እንየው!” አልን።

ሌባ አልመጣም። ወጣቶቹም አልመጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቀ መንበሩ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። አንድ ቀን ወረዳ ስብሰባ ይሄዳል። አንድ ቀን ገበያ ይወርዳል። አንድ ቀን ለቅሶ ይቀመጣል። ቁልፉም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ወጣቶቹ ከእርሻ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። አንድ ሳምንት ጠበቁ። ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ያለው አረቄ ቤት አገኛቸው። አረቄ ቤት እኮ ቁልፍ የለውም፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ሴቶቹ ልጆች ደግሞ የቀሩት በሌላ ምክንያት ነው። ይህን ስንሰማ አፈርን። አንዲት ልጅን “ምነው ጠፋችሁ?” ብለን ጠየቅናት። መሬት መሬት እያየች እንዲህ አለችን፦

“ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እዚያ እንቀመጣለን። ሽንት ቤቱ በር የለውም። ያለውም አጥሩ ጥግ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። ወንዶቹም እዚያው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ስንመጣ ውኃ ሳንጠጣ ነበር የምንመጣው። ኋላ መምጣቱንም ተውነው።”

ውኃ ሳይጠጡ! አባቶችና እናቶች የሆንን ሰዎች እዚያው ቤት ማታ ማታ እየተማርን ይህን አላየንም። ኮሚቴውም ለመስኮት ብረት ሲያወጣ ለሽንት ቤት በር የሚሆን አንድ ሳንቃ አላሰበም።

እንግዲህ ወደዚያች ማታ እንምጣ። ወጣቶቹ ቲያትር አዘጋጅተው ስለነበር ቤቱ ተከፈተላቸው። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ አሮጊት ሳይቀር መጣ። አዳራሹ ጢም አለ። ዘግይተው የመጡት በሩ ሥር ቆሙ። ቲያትሩ ከተጀመረ ጥቂት እንደቆየ ከመድረኩ ሥር ጭስ ወጣ። የባትሪው ሽቦ በብረት ሣጥኑ ክዳን ተቆንጥጦ ኖሮ ላስቲኩ ተልጦ ነበር። የተራቆተው ሽቦ ከብረቱ ጋር ተነካካ፤ ጋለ፤ ጨሰ። ባትሪው ከሌባ እንዲጠበቅ ብለን የቆለፍነው ሣጥን ነው ሽቦውን የቆረጠው።

አንድ ሰው “እሳት!” ብሎ ጮኸ። መብራቱ ጠፋ። ሰዉ በሙሉ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ግን የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ከፊት ያሉት በሩን ስበው ሊከፍቱ ይሞክራሉ፤ ከኋላ ያሉት እነርሱኑ ይገፋሉ። ሰው በተገፋ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይዘጋል። መስኮቱ ብረት ነው። የኋላዋ በር ተቸንክራለች። ያዳኑን እነዚያ የተሰደቡት ዘበኛ ናቸው። መጥረቢያ ይዘው በጓሮ ዞሩና የኋላዋን በር ሳንቃ ፈለጡት። ሕዝቡ በዚያች ትንሽ በር ወጣ።

ሽቦው ራሱ ተቃጥሎ ተበጠሰና ጭሱ ቆመ። እሳቱ ማንንም አላቃጠለም። ነገር ግን የአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ክንድ በግፊያው ተሰበረ። አንዲት እናትም ራሳቸውን ስተው በሸክም ወጡ። የጎዳን በሩ ነው።

በማግስቱ አስተማሪያችን አንድ ታሪክ ነገሩን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1883፣ በእኛ 1875 ዓ.ም. የሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር ሰንደርላንድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ቪክቶሪያ በሚባል አዳራሽ ለልጆች ትርኢት ይታይ ነበር። በመጨረሻ ለልጆች ስጦታ ይታደላል ተባለ። ከላይ ፎቅ የነበሩት ልጆች ስጦታው እንዳያመልጣቸው ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ። ከደረጃው ግርጌ ያለው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር። ደግሞም በመቀርቀሪያ ተይዞ አንድ ልጅ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር የቀረው። የፊተኞቹ ወደቁ፤ የኋለኞቹ በላያቸው ወደቁ። በዚያች ቀን 183 ልጆች ሞቱ። እሳት እንኳ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ሕዝብ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ወደ ውጭ የሚከፈት በቂ በር እንዲኖረው ሕግ ወጣ። ዛሬ በብዙ አገር በትልልቅ አዳራሾች በር ላይ በአግድም የሚተከል ብረት አለ። ሰው ሲገፋው በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። ቁልፍ አያስፈልገውም።

ይህን ሰምተን ዝም አልን። ከዚያም ወደ ሥራ ገባን።

መጀመሪያ የተነሣው በሩ ነው። አናጢው ማጠፊያውን ነቅሎ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ ተከለው። የኋላዋም በር ተነቅላ ታደሰች። ከውጭ እጀታ የላትም፤ ሌባ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ከውስጥ ግን የእንጨት መወርወሪያ አላት። እርሷን አንሥቶ መግፋት ብቻ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አምጥተን “ክፈት” አልነው፤ ከፈተ። ባይችል ኖሮ መወርወሪያውን ዝቅ እናደርገው ነበር። በቀኝና በግራ ካሉት መስኮቶችም አንዳንዱ ብረቱ በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ እንዲከፈት ሆነ። ሰው ውስጥ ሲኖር ጓጉንቸሩ በበሩ ላይ አይንጠለጠልም። ከዘበኛው ጎጆ ሚስማር ላይ ይሰቀላል።

አዎን፣ ጎጆ አልን። ሁለቱም በሮች በሚታዩበት ቦታ ለአባባ ትንሽ ጎጆ ተሠራች። የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ተሰጣቸው። ይህ ሁሉ ከመስኮቱ ብረት ያነሰ ገንዘብ ነው የፈጀው።

ትልቁ ባትሪ ከሣጥኑ ወጥቶ በትንሹ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ባትሪ ኃይል ሲሞላ በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ መሆን አለበት። ከጣሪያው በታች ቀዳዳ ተበጀለት። በሽቦውም ላይ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተገጠመ። ፊውዝ ማለት ቀጭን ሽቦ ያለባት ትንሽ ዕቃ ናት። መብራቱ ከልክ በላይ ሲያልፍ ትልቁ ሽቦ ከመጋሉ በፊት እርሷ ተቃጥላ ትበጠሳለች። በአጠገቡ አንድ ባልዲ አሸዋ አስቀመጥን። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ይህን አትርሱ።

በቁልፉ ጉዳይ ግን ብዙ ተከራከርን። ሊቀ መንበሩ “ለልጆች ቁልፍ አይሰጥም” አለ። አንዱ ከመካከላችን ተነሥቶ፦ “የቱ ልጅ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የ29 ዓመት ሰው እኮ ሚስትና ልጆች አሉት፤ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ማሳ የታመነ ሰው ቁልፍ አይታመንም እንዴ?” አለ። ሰዉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ። ቁልፉ ሦስት ሆነ፦ አንዱ ለሊቀ መንበሩ፣ አንዱ ለዘበኛው፣ አንዱ ለወጣቶቹ ተጠሪ።

ከቁልፉ ጋር መዝገብ መጣ። ቁልፍ የወሰደ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ሲመልስም ይጽፋል። መዝገቡን የምትይዘው አምና ከእኛ ጋር ፊደል የቆጠረች የሦስት ልጆች እናት ናት። በየወንበሩ እግር ላይም በቀለም ቁጥር ጻፈችበት። በየሳምንቱ ቆጥራ ከመዝገቡ ጋር ታስተያያለች። አንድ ጊዜ ቁጥር 14 ጠፋ። ለሠርግ ተወስዶ ኖሮ በማግስቱ ተመለሰ። ቀድሞ ቢሆን መጥፋቱን ማን ያውቅ ነበር?

ሽንት ቤቱ እንደገና ተሠራ። ለሴቶች ለብቻ፣ ለወንዶች ለብቻ ሆነ። የሴቶቹ በር ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው። ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓዳችን 30 ሜትር እንዲርቅና ከእርሱም ዝቅ ባለ ቦታ እንዲሆን ለካን። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ተጠርጎ መብራት ተተከለለት። ከደጃፉ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና አለ። የቦታውን ምርጫ ለሴቶቹ ልጆች ተውንላቸው። እነርሱ የመረጡት ጥጉን ሳይሆን ከዘበኛው ጎጆ የሚታየውን ቦታ ነው።

ሥራው ያለቀ ሲመስለን አንድ ወጣት መጣ። እግሮቹ አይሠሩም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው። ከደረጃው ሥር ቆሞ፦ “ለሌባው አንድ ሳምንት በቃችሁ። ለእኔ ስንት ዓመት ይበቃችኋል?” አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 624፣ የሕዝብ ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። አዋጁ ይበልጥ ከተሞችን የሚመለከት ነበር። ግን ያ ልጅ የገጠር ልጅ ስለሆነ ደረጃው አይቀንስለትም።

ስለዚህ ከደረጃው ጎን መወጣጫ ሠራን። ሒሳቡን እናንተም አብራችሁን ሥሩ። መወጣጫው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ቀጥ ይልና ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የወለላችን ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። 45 በ12 ሲባዛ 540 ይሆናል። ይህም ማለት 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነው። ግቢው በቃን። ድንጋዩን ወጣቶቹ ተሸከሙ። በዚያው መወጣጫ ዛሬ አሮጊቶቹም ይወጡበታል፤ እህል የተጫነ ጋሪ ሊያወጣበት የሞከረም አለ!

የቀረን አጥሩ ነው። ቅንጭብ እንትከል ያሉ ነበሩ፤ ቶሎ ያድጋል። ግን ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፤ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ባሉበት አይሆንም ተባለ። አጋም ተመረጠ። እሾኹ ሌባ ይከለክላል፤ ፍሬው ይበላል። ችግኙ ተተክሎ አሁን ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሏል። ክንዷ የተሰበረው ልጅ ድናለች፤ ችግኙን ውኃ ከሚያጠጡት አንዷ እርሷ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሁለት ፍየሎች ገብተው በስተምሥራቅ ያለውን መደዳ ግጠውታል። የማን ፍየሎች እንደሆኑ እናውቃለን፤ ለዚህ ጊዜ ስም አንጠራም። አጥሩ ወገብ እስኪደርስ ድረስ ግን ፍየሎቻችሁን እሰሩልን።